ከኮርቻ እስከ መኪና ወንበር

ጅብ በማያውቁት አገር ሄዶ «ቁርበት አንጥፉልኝ» አለ ይላሉ አባቶቻችን። ተረቱ የሚተረተው ያልሆነውን ሆኖ ለመታየት በሚሻ ሰው ላይ ነው። ቁርበት ተነጥፎለት መቀመጥ ለተከበረ እንግዳ የሚገባ ማዕረግ ነውና፣ ቁርበት በሊታው ጅብ ይህን ማዕረግ መጠየቁ ያስቃል። እኔ ግን ተረቱን በሰማሁ ቁጥር ሐሳቤ ከጅቡ ይልቅ ወደ ቁርበቱ ይሄዳል። ያ ቁርበት ከየት መጣ? ማን ገፈፈው? ማን ወጠረው? ማን ፋቀው? ማን አለፋው? ተረቱ ስለ ተቀማጩ ይነግረናል፤ መቀመጫውን ስላበጀው እጅ ግን ዝም ይላል።

የታሪክ መጻሕፍታችንም ከተረቱ ብዙ አይርቁም። በዙፋን ላይ ማን እንደ ተቀመጠ፣ መቼ እንደ ወጣና መቼ እንደ ወረደ በዝርዝር ይተርካሉ። ዙፋኑን በቆዳ ስላለበሰው፣ የንጉሡን በቅሎ ኮርቻ ስለ ሰፋው ሰው የሚተርክ ገጽ ግን እምብዛም አይገኝም። ዛሬ ውድ አንባቢያንን ላጫውት የፈለግሁት በዚህ ዝምታ ውስጥ ስላለች አንዲት ትንሽ ነገር ነው፤ ስለ አሮጌ መኪና ወንበር። ስፌቱ የተተረተረ፣ ሞላው የወጣ፣ ቆዳው የተሰነጣጠቀ የመኪና ወንበር ይጠገን ወይስ ወጥቶ ይጣል? ጥያቄው ለጋራዥ እንጂ ለሥነ ጽሑፍ ወዳጅ የሚቀርብ አይመስልም። ነገር ግን ወንበሩ ሲገለጥ ከሥሩ የሚወጣው ታሪክ የእኛው የራሳችን ታሪክ ነው።

ከቃሉ እንጀምር። «ወንበር» የግእዙ «መንበር» ልጅ ነው። መንበርም «ነበረ» ከሚለው ግስ ይወጣል፤ ነበረ በግእዝ ተቀመጠ፣ ኖረ ማለት ነው። ስለዚህ በእኛ ቋንቋ መቀመጥና መኖር ከአንድ ምንጭ የተቀዱ ናቸው። ታቦት በመንበር ላይ ይቀመጣል፤ የቅኔ መምህር ደቀ መዛሙርት ሰብስቦ ማስተማር ሲጀምር «ወንበር ተከለ» ይባልለታል፤ በጥንቱ ችሎት ዳኞቹ ራሳቸው «ወንበር» ይባሉ ነበር። ወንበር ማለት እንግዲህ ሥልጣን ነው፤ ዕውቀት ነው፤ ፍርድ ነው። ወንበር ሠሪው ግን ከሥልጣኑም፣ ከዕውቀቱም፣ ከፍርዱም ድርሻ አልነበረውም።

* * *

መቀመጫችን ከጥንት ጀምሮ ከቆዳ ጋር የተቆራኘ ነው። በመደብ ላይ ቁርበት ይነጠፋል። በቆሎ ተማሪና በመነኩሴ ትከሻ ላይ ለምድ ሆኖ የዋለው የበግ ቆዳ ማታ አጎዛ ሆኖ ይተኛበታል። የበሬ ቆዳ ገና እርጥብ ሳለ በቀጫጭኑ እየተተለተለ ጠፍር ይሆናል፤ ጠፍሩ በእንጨት ቋሚዎች መካከል በመስቀልኛ ይጠላለፍና ሲደርቅ ከበሮ እስኪመስል ይወጠራል። ይህ የጠፍር አልጋ ነው። ኮርቻም እንደዚሁ ነው፤ በእንጨት የተቀረጸው አካሉ በቆዳ ይለበጣል፣ ከሥሩ የከብቱ ጀርባ እንዳይቆስል ድልድል ይደረግለታል፣ ባለቤቱ ባለ ጸጋ ከሆነ ደግሞ ከላይ ግላስ ይጣልበታል።

ሀገረ ሕይወትና አካባቢዋ ይህን ሙያ በደንብ ያውቁታል። ሀገረ ሕይወት አምቦ በንጉሡ ዘመን ትጠራበት የነበረ ስም ነው፤ ከምድር የሚፈልቀው ጠበል መሳይ ውኃዋ ስሙን የሚገባት አድርጓታል። ከሆለታ እስከ ጊንጪ፣ ከአምቦ እስከ ጉደርና ጌዶ ያለው ደጋና ወይናደጋ የፈረስ አገር ነው። ፈረሰኛ በሞላበት አገር ኮርቻ ሰፊ አይጠፋም፤ ኮርቻ ሰፊ ባለበት ደግሞ ቆዳ ፋቂ አለ። በአማርኛም በኦሮምኛም ስሙ አንድ ነው፤ ፋቂ። በሁለቱም ቋንቋ ስሙ የሙያ መጠሪያ ብቻ ሳይሆን ስድብም ሆኖ ኖሯል። ፋቂው ከመንደሩ ዳር ይኖራል፤ ልጁን የሚያገባለት፣ ልጅ የሚድርለት ጎረቤት የለውም።

ሥነ ጽሑፍን የሚወድ ሰው ግን እዚህ ላይ ቆም ሊል ይገባዋል። መጽሐፎቻችን የተጻፉበት ብራናስ ምንድን ነው? የፍየል ወይም የበግ ቆዳ በውኃ ተዘፍዝፎ፣ በእንጨት ክፈፍ ላይ ተወጥሮ፣ ሥጋውና ጸጉሩ በስለት ተፍቆ፣ በድንጋይ ታሽቶ ብራና ይሆናል። ይህን የሚሠራው ሰው «ብራና ፋቂ» ይባላል። መጽሐፉ ተጽፎ ሲያልቅ ገበታው በቆዳ ይለበጣል፣ ቆዳውም በጋለ ብረት ይደጎሳል፤ ማኅደሩም ቆዳ ነው። ብራና ፋቂና ቆዳ ፋቂ በአንድ ግስ የሚጠሩ፣ በአንድ ዓይነት ስለት የሚሠሩ፣ በአንድ ዓይነት ሽታ ውስጥ የሚውሉ ሰዎች ናቸው። የአንዱ ሥራ ወደ ቤተ መቅደስ ስለሚገባ ፋቂነቱ ክብር ሆነለት። የሌላው ሥራ ከሰው መቀመጫ ሥር ስለሚውል ፋቂነቱ ነውር ሆነበት። ልዩነቱ ያለው በእጁ ላይ አይደለም፤ በተቀማጩ ዓይን ላይ ነው።

* * *

መኪና ወደ አገራችን የገባችው ይህ ልዩነት ጸንቶ በነበረበት ዘመን ነው። በ1900 ዓ.ም. ቤዴ ቤንትሌይ የተባለ እንግሊዛዊ ሲድሊ የተባለች መኪና ከባሕር ጠረፍ አስነሥቶ፣ በረሃውን አቋርጦ አዲስ አበባ አደረሳት። ብዙም ሳይቆይ አርኖልድ ሆልትስ የተባለ ጀርመናዊ ናኬ የምትባል ሌላ መኪና ይዞ ገባ። ዳግማዊ ምኒልክ በመኪናዋ ተቀምጠው ሞከሯት፤ ከበቅሎ ኮርቻ ወደ መኪና ወንበር የተደረገው ሽግግር በዚያ ጊዜ ተጀመረ።

በዚያው በ1900 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ሌላም ነገር አድርገዋል። አንጥረኛው፣ ሸማኔው፣ ሸክላ ሠሪውና ቆዳ ፋቂው በሙያቸው ምክንያት እንዳይሰደቡ የሚከለክል አዋጅ አስነገሩ። የመጀመሪያዋ መኪናና ይህ አዋጅ በአንድ ዓመት መገጣጠማቸውን ማንም አስቦ ያደረገው አይደለም። ለእኔ ግን ግጥምጥሙ ትርጉም አለው። መኪናዋ የሙያተኛ እጅ ውጤት ናት፤ አዋጁም የሙያተኛን እጅ አክብሩ ይላል። መኪናዋን ለማየት ሕዝቡ ጎረፈ፤ አዋጁን ለመቀበል ግን ብዙ ዘመን ፈጀበት። መኪናዋን አይቶ የተደነቀው ሰው ወደ ሰፈሩ ተመልሶ ጎረቤቱን ፋቂ እያለ መስደቡን ቀጠለ።

የዚያን ዘመን መኪኖች ወንበር ከፈረስ ሠረገላ የተወረሰ ነበር። በውስጡ የፈረስ ጸጉር ይጠቀጠቃል፤ ከላይ የለበሰው ቆዳ በአዝራር እየተያዘ ጎድጎድ ጎድጎድ እንዲል ይደረጋል። በአውሮፓ ይህን ይሠሩ የነበሩት የፈረስ ዕቃ ሠሪዎች ናቸው። ፈረንሳዮች የመኪና ወንበር ማልበስን ሙያ ዛሬም «ሴልሪ» ይሉታል፤ ቃሉ የወጣው «ሴል» ከሚለው፣ ኮርቻ ማለት ከሆነው ቃላቸው ነው። ኤርሜስ የተባለው ስመ ጥር ድርጅት በ1837 እ.ኤ.አ. ሥራ የጀመረው የፈረስ ዕቃ በመሥራት ነበር። በእንግሊዝ አገር ደግሞ የኮኖሊ ወንድማማቾች በ1878 እ.ኤ.አ. በለንደን በጫማና በኮርቻ ሥራ ጀምረው፣ በኋላ ለሮልስ ሮይስና ለጃጓር፣ ከዚያም አልፎ በዓለም ለታወቁ የውድድርና የሽርሽር መኪኖች የወንበር ቆዳ አቅራቢዎች ሆኑ። በ1961 እ.ኤ.አ. የወጣችው የጃጓር ኢ ታይፕ ወንበር የኮርቻ ሰፊዎቹን ወራሾች እጅ ይዞ ነው የወጣው። ሙያው ከፈረስ ጀርባ ወርዶ ወደ መኪና ሲገባ ስሙንም ክብሩንም ይዞ ገባ።

በእኛ አገር ግን በቅሎን «አባትሽ ማነው?» ቢሏት «እናቴ ፈረስ ናት» አለች እንደሚባለው ሆነ። በቅሎዋ አህያ አባቷን እንደ ደበቀች የመኪና ወንበራችንም አባቱን ደበቀ። ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በዘለቀው የጣሊያን ወረራ ጊዜ መንገድ ተጠረገ፣ ጋራዥ ተከፈተ፤ ከጋራዡም ጋር ቋንቋው ገባ። ሞላ፣ ጎማ፣ ካላማዳሪ፣ ፍሬን፣ ፍሪሲዮን፣ ኮፈን፣ ባሌስትራ፤ ሁሉም ከጣሊያንኛ የተወሰዱ ናቸው። «መኪና» የሚለው ቃል ራሱ ከዚያው የመጣ ሲሆን፣ የሚነዳውንም የሚሰፋበትንም አንድ ላይ ጠቅልሎ ይጠራል፤ የመኪና ወንበር በመኪና ይሰፋል እንላለን። ኮርቻ፣ ድልድል፣ ግላስ፣ ጠፍር የሚሉት ቃላት ግን ከጋራዡ በር ውጭ ቀሩ። ቃላቱ ውጭ ይቅሩ እንጂ እጆቹ ገብተዋል። መርፌና ወስፌ ይዞ ቆዳ መስፋት የሚያውቅ ሰው ከኮርቻ ሰፊው ቤት ካልመጣ ከየት ይመጣል? ከገባ በኋላ ግን ከየት እንደ መጣ መናገሩ አልጠቀመውም፤ ስለዚህ ዝም አለ።

* * *

የምዕራብ ሸዋ መንገድ በአገራችን ካሉ ቀደምት የመኪና መንገዶች አንዱ ነው። ምኒልክ አዲስ ዓለምን መናገሻ ሊያደርጓት አስበው በነበረ ጊዜ፣ በ1890ዎቹ ዓ.ም. አጋማሽ ከአዲስ አበባ ወደዚያ የሚወስድ መንገድ አሠርተው ነበር። ያ መንገድ ቆይቶ በሆለታና በጊንጪ በኩል ወደ አምቦ፣ ከዚያም ወደ ነቀምቴ ተዘረጋ። ከነጻነት በኋላ በዚህ መንገድ ላይ ያለፉት መኪኖች ብዙ ናቸው። በዋና ከተማዋ ሴይቼንቶ የምንላቸው ትንንሽ ፊያቶች ሰማያዊና ነጭ ተቀብተው ታክሲ ሆኑ። ከሁሉም ይበልጥ የሰውን ልብ የወሰደችው ግን ቮልስዋገን ናት። ሞተሯ ከኋላ ያለ፣ ውኃ የማትጠይቅ፣ በነፋስ የምትቀዘቅዝ መኪና ለዳገትና ለአቧራ ትመቻለች። ፋብሪካዎቹ እስከ 2003 እ.ኤ.አ. ድረስ ከ21 ሚሊዮን በላይ አምርተዋታል፤ በእኛ አገርም ከዶክተሩ እስከ መምህሩ፣ ከነጋዴው እስከ መኮንኑ ያልያዛት የለም።

ይህችው መኪና በታሪካችን ውስጥ የያዘችውን ቦታ ሁላችንም እናውቃለን። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከኢዮቤልዩ ቤተ መንግሥት ሲወጡ የተሳፈሩት በቮልስዋገን የኋላ ወንበር ነበር። ቮልስዋገን ያላት በር ሁለት ብቻ ስለሆነ ከኋላ የሚቀመጥ ሰው የሚገባው የፊቱ ወንበር ታጥፎ፣ እሱም ጎንበስ ብሎ ነው። ስለዚያ ቀን ብዙ ተጽፏል። እኔ የምጨምረው አንድ ነገር ብቻ ነው። ከመንበር ወደ ወንበር የተደረገው መውረድ በቋንቋችን ውስጥ የአንድ ፊደል ለውጥ ነው፤ በታሪካችን ውስጥ ግን የአንድ ዘመን ፍጻሜ ሆነ። ያን ወንበር የሰፋውን ሰው ደግሞ ያን ጊዜም ማንም አልጠየቀም።

* * *

ከጥቂት ዓመታት በፊት በአምቦ ከተማ ከአንድ የወንበር ሰፊ ደጃፍ ተቀምጬ ግማሽ ቀን ዋልሁ። ሰውዬው በዕድሜ የገፉ ናቸው። የዕለት እንጀራቸው የባጃጅና የጋሪ ወንበር ማልበስ ነው፤ በዚያን ቀን ግን በ1950ዎቹ ዓ.ም. የተሠራች ቮልስዋገን ቀርባላቸው ነበር። ባለ መኪናው ጎልማሳ ሰው ነው፤ መኪናዋን ከአባቱ ወርሷታል። ፍላጎቱ ግልጽ ነበር። «ጋሼ፣ ያለውን ሁሉ አውጥተው ይጣሉልኝና በአዲስ ስፖንጅ፣ በአዲስ ቆዳ ያልብሱልኝ» አላቸው። ቆዳ ያለው ገበያ ላይ በጥቅል የሚሸጠውን ሰው ሠራሽ ነው።

ሽማግሌው ምንም ሳይመልሱ ወንበሩን ከሐዲዱ አወጡና በጀርባው ገለበጡት። ልብሱን ከሞላው ጋር የያዙትን የብረት ቀለበቶች አንድ በአንድ በፒንሳ ፈቱ። ከላይ የነበረው ቀይ ክር የተሰፋበት የሚያብረቀርቅ ፕላስቲክ ነው። እሱ ሲነሣ ከሥሩ የመጋረጃ ጨርቅ የመሰለ አበባማ ልብስ ወጣ። ከአበባማው ሥር ወፍራም ሸራ አለ፤ «ይህ የደርግ ጊዜ ነው፤ ያኔ ዕቃ ከውጭ አይመጣም፣ የተገኘው ይሰፋል» አሉ። ከሸራው ሥር ፋብሪካው ያለበሳት፣ ጥቃቅን ቀዳዳ ያላት የመጀመሪያዋ ልብስ ወጣች፤ ጎኗ ተሰነጣጥቋል፣ መካከሏ ግን ደኅና ነው። የቀደመውን ጽሑፍ ፍቀው በላዩ ሌላ የጻፉበትን ብራና ያየ ሰው የተሰማኝን ያውቃል። አራት ልብስ፣ አራት ዘመን፤ ማንም ሌላውን ሳያጠፋ በላዩ ላይ ተቀምጧል።

ከልብሶቹ ሥር ያለው ደግሞ የበለጠ አስገረመኝ። ፋብሪካው የጠቀጠቀው በጎማ የተያያዘ ጸጉርና የኮኮነት ጭረት በቦታ በቦታው ተበልቷል፤ ክፍተቱ በቃጫ ተሞልቷል። ከሞላዎቹ ሁለቱ ተሰብረው ወጥተዋል። በእነሱ ቦታ ግን ሌላ ሞላ አልገባም፤ ከብረቱ ክፈፍ እስከ ክፈፍ የተወጠረ ጠፍር አለ። እውነተኛ የበሬ ቆዳ ጠፍር፣ በመስቀልኛ የተጠላለፈ፣ ልክ እንደ አልጋ።

ሽማግሌው ጠፍሩን በጣታቸው እየነኩ ብዙ ቆዩ። ቋጠሮውን አዩት። «ይህ የጋራዥ ሰው ሥራ አይደለም። ይህ የኮርቻ ሰፊ ቋጠሮ ነው» አሉ። ከዚያም ሳንጠይቃቸው ነገሩን። «አባቴ ቆዳ ያለፋ ነበር፤ ኮርቻም ይሰፋ ነበር። በእንቧይ አልፍቶ፣ ቅቤ አጠጥቶ የሚያወጣው ቆዳ እንደ ጨርቅ ይታጠፍ ነበር። ባላባቱ አባቴ በሰፋው ኮርቻ ላይ ይቀመጣል፤ ከአባቴ ጋር ግን በአንድ መደብ አይቀመጥም። እኔ ከተማ ስገባ የመኪና ወንበር ሰፊ ተባልሁ፤ የመኪና ከሆነ ነውር የለውም። ሥራው ግን ያው ነው ልጄ፤ መርፌውም ያው ነው።»

ባለ መኪናው አንገቱን ደፋ። ቆይቶም «እንግዲያው ጋሼ፣ የሚድነው ይዳን» አላቸው።

* * *

ያረጀ ሁሉ እንዳለ ይቀመጥ እያልሁ እንዳልሆነ ግልጽ ላድርግ። የመኪና ወንበር የሙዚየም ዕቃ ብቻ አይደለም፤ የሰው ገላ ይሸከማል። የተሰበረ ሞላ ወገብ ይወጋል። በቮልስዋገን ላይ ደግሞ ከወገብ የከፋ ነገር አለ። ባትሪዋ ያለው በኋላው ወንበር ሥር፣ በቀኝ በኩል ነው። መጠቅጠቂያው ተበልቶ ሞላው ዝቅ ሲል፣ ከባድ ሰው ሲቀመጥበት ብረቱ የባትሪውን ጫፎች ይነካል፤ ብልጭ ይላል፣ ጭረቱና ጆንያው ይቀጣጠላል። በዚህ ምክንያት የተቃጠሉ ቮልስዋገኖች በዓለም ዙሪያ ጥቂት አይደሉም። ስለዚህ ሽማግሌው የኋላውን ወንበር ሞላ አጠናከሩ፣ ባትሪውንም ኤሌክትሪክ በማያሳልፍ ወፍራም ጎማ ከደኑት። ይህ መጠገን ሳይሆን ነፍስ ማዳን ነው።

ሌላውን ግን በጥንቃቄ አተረፉት። ወንበር ሁልጊዜ ቀድሞ የሚያረጀው ሾፌሩ ሲገባና ሲወጣ ገላው በሚያሸው ጎን ነው። ከባሕር ወለል ከ2000 ሜትር በላይ ከፍ ባለ አገር ፀሐይዋ ትበረታለች፤ ክሩ ከልብሱ ቀድሞ ይበሰብሳል። ብዙ ጊዜ የተቀደደ የሚመስለው ወንበር ስፌቱ የተለቀቀ ብቻ ነው። ሽማግሌው የበሰበሰውን ክር ፈትተው በቀድሞው ቀዳዳ ላይ እንደ ገና ሰፉት፤ አዲስ ቀዳዳ ቢበሱ ልብሱ በቀዳዳው መሥመር እንደሚቀደድ ያውቃሉ። ለተሰነጠቀው ጎን የሚሆን እራፊ ሲፈልጉ ገበያ አልሄዱም። ዓይን ከማያየው፣ ከወንበሩ ታችኛ ጫፍ ላይ ቆረጡ፤ ያው ቀለም፣ ያው ዕድሜ፣ ያው ቀዳዳ ያለው ነውና ሲጣፍ አይለይም። የቆረጡበትን ቦታ ደግሞ በአዲሱ ሞሉት። ጠፍሩን አልነኩትም፤ ጠንካራ ነበር።

በውጭ አገር ጥንታዊ የሽርሽርና የውድድር መኪና የሚሰበስቡ ሰዎች በዚህ ጉዳይ ላይ ለረዥም ጊዜ ተከራክረዋል። ቀድሞ አሮጌ መኪና ተገኘ ማለት ቆዳው ተገፍፎ፣ ቀለሙ ተልጦ፣ ከፋብሪካ ትናንት የወጣ መስሎ መቅረብ ነበረበት። ከጊዜ በኋላ ግን ብዙዎቹ ሐሳባቸውን ለወጡ። አዲስ ቆዳ ሁልጊዜ ይገዛል፤ አምሳ ዓመት የተቀመጡበት ቆዳ ግን በምንም ገንዘብ አይገዛም። የተሸበሸበው፣ የተወለወለው፣ የሾፌሩን ገላ ቅርጽ የያዘው ቦታ የመኪናዋ የሕይወት ታሪክ ነው። ሌላም የሚያስደንቅ ነገር አለ። ከ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. ጀምሮ የጣሊያንና የእንግሊዝ መኪና ሠሪዎች በብዙ ወንበሮቻቸው ውስጥ ሞላ ትተው ፒሬሊ የተባለው ድርጅት የሚያመርተውን የጎማ መቀነት ከክፈፍ እስከ ክፈፍ መወጠር ጀምረው ነበር። የፈረንሳይዋ ሲትሮኤን ሁለት ሴቮም ወንበሯ የተንጠለጠለው በጎማ ቀለበት ነው። የእኛ ሰው ካላማዳሪ በቀጭኑ ቆርጦ ወይም ጠፍር ወጥሮ የሠራውን ወንበር ያዩ ሰዎች «የድኻ ዘዴ» ብለው ይንቁት ይሆናል። በአውሮፓ ግን ያው ዘዴ ስም ወጥቶለት ተሸጧል። ሁለቱም የጠፍር አልጋ የአጎት ልጆች ናቸው።

በአገራችን መጠገን ምርጫ ብቻ ሳይሆን ግድም ሆኖ ኖሯል። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ በአሮጌ መኪኖች ላይ ከባድ ቀረጥ ጣለ። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ታገደ። ስለዚህ እዚህ ያሉት አሮጌዎቹ መኪኖች ምትክ የላቸውም። የኢዮቤልዩ ቤተ መንግሥትም ታድሶ በ2017 ዓ.ም. ሙዚየም ሆኖ ሲከፈት የንጉሡ ዘመን መኪኖች ለጎብኚ ቀርበዋል። ሰው ፊት ለፊት ቆሞ የሚያደንቀው ሞተሩን፣ ቀለሙንና አርማውን ነው። ወንበሩንም ዝቅ ብሎ ቢያየው እላለሁ፤ ከሁሉ ይልቅ ወደ ሰው ገላ የቀረበው እሱ ነውና።

የጥንት ጸሐፍት መጽሐፉን ሲጨርሱ በመጨረሻው ቅጠል ላይ ስማቸውን ያስቀምጡ ነበር፤ ያጻፈውን ይጠቅሳሉ፣ ስለ ራሳቸውም ጸሎት ይለምናሉ። ሽማግሌው ልብሱን መልሰው ሊያስሩ ሲሉ ይህን ነገርኋቸውና በሸራው ውስጠኛ ገጽ ላይ ስማቸውን እንዲጽፉ ለመንኋቸው። መጀመሪያ ሳቁ። ከዚያ እርሳስ ጠየቁ። የራሳቸውን ስም ጻፉ፤ ከስማቸው ቀጥሎ የአባታቸውን ስም ጻፉ፤ ጥቂት አሰብ አድርገውም ከአባታቸው ስም ጎን «ኮርቻ ሰፊ» ብለው ጨመሩበት። ያን ስም እዚህ አልጽፈውም፤ ቦታው እዚያ ነው፤ ከአራት ዘመን ልብስ ሥር፣ ከማያውቀው ወንድሙ ጠፍር ጎን። አንድ ቀን ሌላ ሰፊ ያን ወንበር ይፈታዋል፤ ያነበዋልም።

በየቤታችሁ፣ በየጋራዡ አሮጌ መኪና ያላችሁ ወገኖቼ ሆይ፣ ወንበሩን ወደ ጣይ ከመስጠታችሁ በፊት በጀርባው ገልብጡት፤ የሚሰፋላችሁንም ሰው ስሙን ጠይቁት፣ በውስጡም አስጽፉት።

ቸር እንሰንብት።